የማዕረግ ዕድገት ፈተና ፍትሐዊነት፦ ውጤቱ በእርግጥ የሚወሰነው የት ላይ ነው?

ሳጅን ከሐይቁ ዳር (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ቤተሰቤ ባሕር ዳር ይኖራል፤ እኔ የተመደብሁት ግን በጣና ዙሪያ ካሉት ወረዳዎች በአንደኛው ነው። የመሥሪያ ቤቴንም ሆነ የማንንም ሰው ስም አላነሣም። ፍላጎቴ ሰው ማስወቀስ ሳይሆን፣ በየጣቢያው በሹክሹክታ የምንነጋገርበት ጉዳይ በአሠራር ደረጃ እንዴት መታየት እንዳለበት ከሚያውቁ ሰዎች መረዳት ነው።

ከዋና ሳጅን ወደ ረዳት ኢንስፔክተር የሚያሳድግ ውድድር ወጥቶ፣ የማዕረግ ቆይታ ጊዜያችንን የጨረስን አባላት ተመዘገብን። በማስታወቂያው መሠረት የጽሑፍ ፈተናው 50፣ የሥራ አፈጻጸም ምዘናው 30፣ ቃለ መጠይቁ ደግሞ 20 ነጥብ ይይዛል። ድልድሉን በወረቀት ላይ ላየው የሚያስቆጣ ነገር የለውም። ውጤቱ ሲለጠፍ ግን በሰሌዳው ላይ የነበረው ስም፣ ማዕረግና ድምር ነጥብ ብቻ ነው፤ ድምሩ ከየትኛው ክፍል ስንት ስንት ተገኝቶ እንደተሠራ የሚያሳይ ዓምድ የለውም። የራሴን ጠይቄ በቃል ተነገረኝ፤ በጽሑፍ ይሰጠኝ ስል ግን «ለአንተ ከሰጠን ለሁሉም ልንሰጥ ነው» ተባልሁ። እርስ በርሳችን ስንጠያየቅ፣ የጽሑፍ ውጤቴ ካለፉት ከብዙዎቹ እንደሚበልጥ ተረዳሁ። ወደ ኋላ የጎተተኝ ቃለ መጠይቁ ነው። እርሱም ከአሥር ደቂቃ ያልበለጠ፣ አንዱ ተወዳዳሪ ስለ ወንጀል መከላከል ሲጠየቅ ሌላው ስለ ትውልድ ቦታውና ስለ ቤተሰቡ የተጠየቀበት ነው። ከጠያቂዎቹ አንዱም የአንዳንዶቹ ተወዳዳሪዎች የቅርብ ኃላፊ ነበሩ።

ሌላው የማስታወቂያው አደራረስ ነው። ከተማ ያለ አባል ማስታወቂያው በወጣበት ዕለት ከሰሌዳ ላይ ያነበዋል። ደሴት ላይ የተመደበ አንድ ባልደረባዬ ግን ደብዳቤው የደረሰው በሞተር ጀልባ ከእህል ጆንያ ሥር ተጭኖ፣ ምዝገባው ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው ነው። ፖስታው ውሃ ገብቶበት ስለነበር የመጨረሻዎቹን መስመሮች ለማንበብ ወረቀቱን ፀሐይ ላይ ማስጣት ነበረበት። ተመዝግቦ ተፈትኗል፤ ስለዚህ በመዝገብ ላይ «እኩል ዕድል የተሰጠው ተወዳዳሪ» ተብሎ ይቆጠራል።

የጥያቄዎቹንም ነገር ልጨምር። አብዛኞቹ የአንቀጽ ቁጥር የሚጠይቁ ነበሩ፦ ከባድ የግፍ ግድያ በስንተኛው አንቀጽ ተደነገገ፣ ስርቆትስ በየትኛው፣ የመሳሰሉት። 539ንም 665ንም በቃሌ አውቃቸዋለሁ፤ ነገር ግን ሕጉ በየጠረጴዛችን ላይ ተቀምጦ ሳለ ቁጥሩን መሸምደድ አንድን ሰው እንዴት የተሻለ አለቃ እንደሚያደርገው አይገባኝም።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው። ከመቶው 20 ብቻ የያዘ ቃለ መጠይቅ የቀረውን ሁሉ ሊገለብጥ የሚችለው እንዴት ነው? ቅሬታ ባቀርብስ በምን መልክ ባቀርበው ይሰማል? ቅሬታ ያቀረበ ሰው ወደ ሩቅ ምድብ እንደሚዛወር ስለሚነገር፣ ነገሩን በስሜት መጀመር አልፈለግሁም።

መምህር ከፔዳ

ወንድሜ ሳጅን፣ በሙያዬ የትምህርት ምዘና መምህር ነኝ፤ ስለ ፖሊስ ሥራ ከእርስዎ በላይ የማውቀው ነገር የለም። ስለ ነጥብ አደማመር ግን ጥቂት ማለት እችላለሁ፤ ምክንያቱም ያነሡት ጥያቄ ብዙ የፈተና ኮሚቴዎች ሳያውቁት የሚወድቁበት ጉድጓድ ነው።

አንድ የፈተና ክፍል በመጨረሻው ደረጃ ላይ ያለው ጉልበት የሚለካው በተመደበለት ነጥብ ሳይሆን ተወዳዳሪዎቹን በሚለያይበት ስፋት ነው። በምሳሌ ላስረዳ፤ ቁጥሮቹ እኔ ለማስረዳት ያወጣኋቸው እንጂ የማንም ውጤት አይደሉም። ተወዳዳሪ «ሀ» በጽሑፍ ከ50 42፣ በአፈጻጸም ከ30 28፣ በቃለ መጠይቅ ከ20 7 አገኘ እንበል፤ ድምሩ 77 ነው። ተወዳዳሪ «ለ» በጽሑፍ 35፣ በአፈጻጸም 28.5፣ በቃለ መጠይቅ 18 አገኘ፤ ድምሩ 81.5 ይሆናል። «ሀ» ግማሹን ነጥብ በያዘው ክፍል በ7 ነጥብ ቢበልጥም፣ አንድ አምስተኛ ብቻ በያዘው ክፍል በ11 ስለተበለጠ ተሸንፏል። አሁን የአፈጻጸሙን ዓምድ ይመልከቱ። በብዙ መሥሪያ ቤቶች ኃላፊ የበታቹን ማስከፋት ስለማይወድ ለሁሉም ከ30 ከ28 ያላነሰ ይሰጣል፤ ስለዚህ ያ 30 ነጥብ ማንንም ከማንም አይለይም፣ ከድልድሉ የለም ማለት ይቻላል። በጽሑፍ ፈተናው ከፊት የሚገኙት ሰዎችም አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ነጥብ ልዩነት የተቀራረቡ ናቸው። የሚቀረው ቃለ መጠይቁ ነው። ጠያቂዎች ለአንዱ 6 ለሌላው 19 መስጠት ከለመዱ፣ በማስታወቂያው ላይ 20 የተባለው ክፍል በተግባር ከግማሽ በላይ ይወስናል፤ ለዚህ ደግሞ የማንም ክፋት አያስፈልግም።

መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም። ነጥቦቹ ከመደመራቸው በፊት እያንዳንዱ ክፍል በራሱ አማካይና በራሱ ስርጭት (ነጥቦቹ እርስ በርስ በሚራራቁበት መጠን) ተመዝኖ ወደ አንድ ዓይነት መለኪያ ይቀየራል፤ ከዚያ በኋላ 50፣ 30፣ 20 በተባለው ድርሻ ይባዛል። ይህን ማንኛውም የኤክሴል ሰንጠረዥ በጥቂት ደቂቃ ይሠራዋል። ለቃለ መጠይቁ ደግሞ ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄዎች፣ ለእያንዳንዱ ጥያቄ አስቀድሞ የተጻፈ የመልስ ደረጃ (ምን ያለ ሙሉ ነጥብ፣ ምን ያለ ግማሽ ያገኛል የሚል)፣ እንዲሁም ጠያቂዎቹ ሳይነጋገሩ ለየብቻ ሞልተው የሚፈርሙበት ቅጽ ያስፈልጋል። ስለ ትውልድ ቦታና ስለ ቤተሰብ መጠየቅ ከሥራው ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፤ በእኛ አገር ሁኔታ ደግሞ «የወንዜ ልጅ ነው» ለሚል አሠራር በር ከመክፈት ሌላ ጥቅሙ አይታየኝም።

ሸምድዶ መጻፍን በተመለከተ ያነሡት ነጥብ በውጭም ፍርድ ቤት የደረሰ ነው። በአሜሪካ የቦስተን ከተማ ፖሊስ በ2008 እ.ኤ.አ. ለሌተናንትነት የሰጠው የምርጫ ፈተና፣ በ2015 በፌዴራል ፍርድ ቤት የተነቀፈው ጥቁርና ሌሎች አናሳ ተፈታኞችን ይበልጥ ከማስቀረቱም በላይ፣ ለሥራው ወሳኝ የሆኑትን የመምራትና ከሰው ጋር ተግባብቶ የመሥራት ችሎታዎች ስለማይመዝን ነው። በአንጻሩ በዚያው ከተማ ለሳጅንነት የተሰጠውን ፈተና በሚመለከት በሌላ ክስ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ2016 ፈተናውን ተቀብሎታል። ስለዚህ «የጽሑፍ ፈተና ሁሉ መጥፎ ነው» ወደሚል መደምደሚያ አንሩጥ።

ጥሩ የጽሑፍ ጥያቄ ምን እንደሚመስል ከእርስዎው አካባቢ ልውሰድ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19(3) የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ፣ ከተያዘበት ቦታ ወደ ፍርድ ቤት ለመምጣት በአግባቡ የሚወስደው ጊዜ ግን ከዚህ ውስጥ እንደማይቆጠር ይደነግጋል። እንግዲህ እንዲህ ተብሎ ቢጠየቅስ፦ ደቅ ደሴት ላይ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ተጠርጣሪ ያዛችሁ፤ ማታ ነፋስ ተነሥቶ ጀልባ እስከ ቅዳሜ ረፋድ መንቀሳቀስ አልቻለም፤ ቅዳሜ ቀን ጀልባ ቢኖርም አጃቢ የሚሆን አባል አልነበረም። ከዚህ ውስጥ የትኛው ጊዜ ይቆጠራል፣ የትኛው አይቆጠርም? በመዝገቡ ላይ ምን ብላችሁ ትጽፋላችሁ? ይህን ለመመለስ ሕጉን ማወቅም፣ ሥራውን መሥራትም ይጠይቃል። የአንቀጽ ቁጥሩን በጥያቄው ውስጥ ጽፎ ቢሰጥ እንኳ የሚያውቀውን ከማያውቀው ይለያል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ፈተናው ይሰረዝልኝ ብለው አይጠይቁ። በዚያው በአሜሪካ የኒው ሄቨን ከተማ በ2003 ለእሳት አደጋ ሠራተኞቿ የዕድገት ፈተና ሰጥታ ነበር፤ የጽሑፉ ክፍል 60 በመቶ፣ የቃሉ 40 በመቶ ሆኖ 118 ሰዎች ተፈትነዋል። በውጤቱ ላይ በዘር መካከል ሰፊ ልዩነት ስለታየ ከተማዋ ፈተናውን ውድቅ አደረገችው፤ በጥሩ ውጤት ያለፉት ከሰሱ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2009 በ5 ለ4 ድምፅ ለእነርሱ ፈረደላቸው። ሕጉ የአሜሪካኖቹ እንጂ የእኛ አይደለም፤ ዳኞቹም ቢሆኑ በአንድ ድምፅ አልተስማሙበትም። ቢሆንም ውጤት ከታወቀ በኋላ ሁሉን ማፍረስ፣ መብራት አብርቶ ያጠናውንና ምንም ጥፋት የሌለበትን ሰው ስለሚጎዳ፣ ቅሬታዎ «ይሰረዝ» ሳይሆን «ይገለጽ፣ እንደገና ይሰላ» ቢል ይሻላል።

የቀድሞ ኮማንደር

ሳጅን ልጄ፣ ጽሑፍህን በጥንቃቄ አንብቤዋለሁ፤ የመምህሩንም እንዲሁ። ረዥም ዘመን አገልግዬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ በማዕረግ ዕድገት ኮሚቴም ተቀምጫለሁ።

መምህሩ ስለ ቁጥሩ የተናገሩት እውነት ነው፤ ግን ነገሩ ወደ ጽሑፍ ፈተና ብቻ እንዳያደላ እፈራለሁ። በጽሑፍ ፈተና የሚጠቀመው ማን ነው? ቀን ቢሮ ውሎ ማታ ቤቱ የሚገባው፣ ወንበርና መብራት ያለው፣ መመሪያውን ያረቀቀው ክፍል አጠገብ የሚሠራው ነው። በተረኛነት ሌሊቱን ሲዞር የሚያድረው፣ በግዳጅ ከቦታ ቦታ የሚንቀሳቀሰው፣ የገበያ ቀን ጠብ ሲነሣ በሁለቱ ወገን መካከል የሚቆመው አባል ብዙ ጊዜ ከመጽሐፍ ጋር አይገናኝም። እንዲህ ያለው ሰው በወረቀት ደክሞ በሥራ የሚልቅበትን ጊዜ አይቻለሁ። ቃለ መጠይቅ የተጨመረውም እርሱ እንዳይቀር ነው። ስለዚህ ቃለ መጠይቁ ይቅር የምትሉ ከሆነ አልስማማም።

ሆኖም በክፍሉ ውስጥ የሚሆነውን ስለማውቅ ልንገርህ። ጠያቂዎቹ ተቀምጠው ሻይ ይመጣል። ሰብሳቢው የቀጣዩን ተወዳዳሪ ፋይል ከፍቶ «ይህ እንኳ ጎበዝ ልጅ ነው» ይላል፤ ወይም ምንም ሳይል ፋይሉን ገልጦ ቅንድቡን ከፍ አድርጎ ይዘጋዋል። ልጁ ገና በሩን አላንኳኳም። ከዚያ በኋላ የሁሉም ቅጽ ላይ የሚሰፍረው ቁጥር በሁለትና በሦስት ነጥብ አይራራቅም። ማንም ጉቦ አልተቀበለም፤ ማንም አላሤረም፤ ሁሉም ግን የአለቃን ፊት አንብቧል። በእኛ ተቋም ደግሞ የአለቃን ፊት ማንበብ ከምልምልነት ጀምሮ የተማርነው ነው። ለዚህ የሚሆነው መድኃኒት የሚመስለኝ ጠያቂዎቹ ከሌላ ዞን እንዲመጡ፣ ፋይሉም ከእነርሱ እንዲርቅ ማድረግ ነው። የቅርብ ኃላፊ የነበረ ሰው በሥራ አፈጻጸሙ ላይ አንድ ጊዜ ዳኝቷል፤ በቃለ መጠይቁም ከተቀመጠ ሁለት ጊዜ ዳኘ ማለት ነው። ለወደደው ሁለት ጊዜ ይሰጣል፣ ከጠላውም ሁለት ጊዜ ይነሣል።

የአፈጻጸሙ 30 ነጥብ «ከድልድሉ የለም» መባሉ ግን ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም በትክክል ቢሞላ ከሁሉም የሚሻለው መለኪያ እርሱ ነበር። ስንት መዝገብ አጣርቶ ለዐቃቤ ሕግ አስተላለፈ፣ ስንቱ ለተጨማሪ ምርመራ ተመለሰበት፣ በእርሱ ተረኝነት ስንት አቤቱታ ቀረበበት፤ ይህ ሁሉ ጣቢያው ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። ቅጹን የሚሞላው ሰው መዝገቡን ገልጦ በማየት ፈንታ በዝምድና ወይም በይሉኝታ ስለሚሞላው ነው ዋጋ ያጣው።

ደሴት ላይ ያለው ልጅ ነገር በአንድ የስልክ ጥሪና በፊርማ መቀበያ ይፈታ ነበር። በእኛ ጊዜ በሬዲዮ መልእክት ይተላለፍና ተቀባዩ ስሙንና ሰዓቱን ያስመዘግብ ነበር።

ምክትል ኢንስፔክተር እና እናት

ጌታዬ ኮማንደር፣ የተናገሩትን አብዛኛውን እቀበላለሁ፤ አንድ ነገር ግን ተዘልሏል። በቢሮ የሚሠራ ሁሉ ተመችቶት ነው የሚለው አነጋገር በእኛ በሴቶች ላይ በሁለት አፉ ይቆርጣል። ብዙዎቻችን የምንመደበው በመዝገብ ቤት፣ በሰው ሀብት ወይም በሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ክፍል ነው፤ መርጠን አይደለም። የአፈጻጸም ቅጹ ሲሞላ ደግሞ «በግዳጅ ላይ ያሳየው ቆራጥነት» የሚል ረድፍ ይመጣል። ግዳጅ ያልተላከች ሴት በዚያ ረድፍ ምን ሊሰጣት ነው? ላኩኝ ብላ ብትጠይቅ «ልጆች አሉሽ» ትባላለች፤ ስትቀር ነጥቡ ይጎድላል። የተደፈረች ሕፃን ቃል ለመቀበል ግማሽ ቀን ወለሉ ላይ አብሯት ተቀምጦ ማባበል በየትኛውም ረድፍ ውስጥ የለም፤ ሆኖም ከዚህ የሚበልጥ ብቃትና ትዕግሥት የሚጠይቅ የምርመራ ሥራ አላየሁም።

እኔ ለአንዱ ዕድገት የተፈተንሁት በወሊድ ፈቃድ ላይ ሳለሁ ነው። ማስታወቂያውን ያነበበችልኝ ጓደኛዬ ናት፤ መሥሪያ ቤቱ የነገረኝ ነገር አልነበረም። ፈቃድ ላይ ያለ ሰው ማዕረጉንም መብቱንም ይዞ ነው የሚወጣው፤ ስለዚህ ማስታወቂያ በሰሌዳ ላይ መለጠፍ ብቻውን ማሳወቅ ሊባል አይገባውም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 35(8) ሴት ሠራተኞች በሥራ ቅጥር፣ በዕድገት፣ በእኩል ክፍያና ጡረታን በማስተላለፍ እኩል መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። «በዕድገት» የሚለው በግልጽ የተጻፈው ያለ ምክንያት አይደለም።

ስለ ማበረታቻ ነጥብም አንድ ቃል ልናገር፤ ምክንያቱም ውጤት በተለጠፈ ቁጥር «ሴት ስለሆነች ነው ያለፈችው» የሚል ሐሜት ይከተላል። ለሴቶች የሚሰጥ ተጨማሪ ነጥብ ካለ፣ ስንት እንደሆነና በየትኛው ክፍል ላይ እንደሚጨመር በማስታወቂያው ላይ ይጻፍ፤ በተለጠፈው ዝርዝርም ራሱን የቻለ ዓምድ ይኑረው። በድብቅ ሲጨመር ያለ ጭማሪውም የምታልፈውን ሴት ያዋርዳታል። እኔ ያለፍሁበትን ውጤት ዛሬም ድረስ ማንም በክፍል በክፍል አላየውም፤ ቢታይ ደስ ይለኝ ነበር።

ጠበቃ ከፋሲሎ

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ከሕጉ ልጀምር። ብዙ የፖሊስ አባላት የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅን ወይም የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅን ጠቅሰው ቅሬታ ሲጽፉ አያለሁ። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የፖሊስ አባላትን ከተፈጻሚነት ወሰኑ ውጭ አድርጓል፤ ቀድሞ ሥራ ላይ የነበረው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010ም የፌዴራል ፖሊስ አባላትን በትርጓሜው አላካተተም ነበር። ፖሊስ የሚተዳደረው በራሱ ማቋቋሚያ ሕግ፣ ደንብና መመሪያ ነው። ስለዚህ የእርስዎ የመጀመሪያ ሥራ ውድድሩ የተካሄደበትን የማዕረግ ዕድገት መመሪያ ሙሉ ቅጂ ማግኘት ነው። ከመመሪያው ውስጥ ሦስት ነገሮችን ይፈልጉ፦ የነጥብ ድልድሉን፣ የኮሚቴውን አወቃቀርና ከዳኝነት ስለመነሣት የተጻፈውን፣ እንዲሁም ቅሬታ የሚቀርብበትን የጊዜ ገደብ። የመጨረሻው ከሁሉም ይበልጣል። ጊዜው ካለፈ የቀረው ክርክር ሁሉ ከንቱ ነው፤ ብዙ መልካም ጉዳይ የሚሞተውም በዚህ ነው።

ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ ያዘጋጁ። አንዱን ለመዝገብ ቤት ሰጥተው በሌላኛው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ያስደርጉ። «አለቃ ጋ ገብቼ ነግሬያለሁ» የሚለው በሕግ ፊት ምንም አይደለም፤ በቃል የተሰጠዎት መልስም እንዲሁ። በማመልከቻው የሚጠይቁት በሦስቱም ክፍሎች ያገኙትን የየራስ ነጥብ፣ እያንዳንዱ ጠያቂ የሞላውን ቅጽ ቅጂ፣ እንዲሁም ኮሚቴው ውጤቱን ያጸደቀበትን ቃለ ጉባኤ ነው። የሌሎችን ተወዳዳሪዎች ነጥብ በስም ከጠየቁ «የግል መረጃ ነው» የሚል መልስ ይመጣል፤ መልሱም ከነጭራሹ መሠረት የሌለው አይደለም። በስም ፈንታ በኮድ ይሰጠኝ ይበሉ።

መሠረትዎ የሚሆነው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 25 ስለ እኩልነት የደነገገው ነው፤ መረጃ ስለማግኘት ደግሞ አዋጅ ቁጥር 590/2000 አለ። አዋጁ የክልል መንግሥት አካላትንም ይመለከታል፤ መረጃ የተጠየቀ አካል መልስ የሚሰጥበት ጊዜም በአዋጁ ተወስኗል። መረጃው የሚከለከል ከሆነ የተከለከለበት ምክንያት በጽሑፍ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ። ይህ ወረቀት በኋላ ሲሄዱ ትልቅ ማስረጃ ይሆናል።

በመሥሪያ ቤትዎ ያለውን የቅሬታ ሰሚ አካልና የበላይ ኃላፊውን ከጨረሱ በኋላ የሚቀጥለው በር የኢትዮጵያ የእንባ ጠባቂ ተቋም ነው። በአዋጅ ቁጥር 211/1992 የተቋቋመ፣ በአዋጅ ቁጥር 1142/2011 እንደገና የተደራጀ ሲሆን ባሕር ዳር ላይ ቅርንጫፍ አለው። አቤቱታ በቃልም በጽሑፍም ይቀበላል፤ ክፍያ አይጠይቅም። ተቋሙ ግን ፍርድ ቤት አይደለም፤ አስተዳደራዊ በደልን መርምሮ የመፍትሔ ሐሳብ ይሰጣል። ስለ ዝውውሩ ያለዎትን ስጋት አላቃልልም። ቅሬታ ካቀረቡ በኋላ የዝውውር ደብዳቤ ቢመጣ፣ የሁለቱ ቀናት መቀራረብ ራሱ የሚናገር ነገር ስላለ፣ የገቢ ማኅተሙን አጥብቀው እንዲይዙ የምወተውተው ለዚህም ጭምር ነው።

ኮማንደሩ ያነሡትን የሁለት ጊዜ ዳኝነት ነገር በማመልከቻዎ ውስጥ ያስገቡት፤ ሰውየውን ግን በስም አይክሰሱ። «የቅርብ ኃላፊ የነበረ የኮሚቴ አባል በተገኘበት» ማለት ይበቃል። ስም የተጠራ እንደሆነ ጉዳዩ ከአሠራር ወጥቶ የሁለት ሰዎች ጠብ ይሆናል፤ ያኔ ሽማግሌ ተልኮ «ተታረቁ» ይባላል፣ አሠራሩም እንደነበረ ይቀጥላል።

ሳጅን ከሐይቁ ዳር (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። መመሪያውን አንድ ባልደረባዬ ዘንድ አግኝቼ እያነበብሁት ነው፤ የቅሬታው ጊዜ አላለፈም። ማመልከቻዬንም «በተፈጸመብኝ ከፍተኛ በደል እጅግ አዝኜ» ብዬ ጀምሬ ነበር፤ ጠበቃው ምን ይላሉ? መምህርንም አንድ ነገር ልጠይቅ፦ የሁሉም ተወዳዳሪዎች ነጥብ በኮድ ቢሰጠኝ፣ ቃለ መጠይቁ ከተመደበለት በላይ እንደወሰነ በምን አረጋግጣለሁ?

ጠበቃ ከፋሲሎ

ያን መስመር ያውጡት። በደሉ ገና አልተረጋገጠም፤ የሚጠይቁትም ለማረጋገጥ የሚያስችለውን ሰነድ ነው። «በዚህ ቀን በተለጠፈው ውጤት ላይ ዝርዝር ነጥብ ስላልተገለጸ፣ በመመሪያው በተሰጠኝ መብት መሠረት የሚከተሉት ሰነዶች እንዲሰጡኝ አመለክታለሁ» ብለው ይጀምሩ፤ የመመሪያውን አንቀጽም በቁጥር ይጥቀሱ። ከአንድ ገጽ አይብለጥ።

መምህር ከፔዳ

ዝርዝሩ ሲደርስዎ ሦስቱን ክፍሎች በሦስት ዓምድ ይጻፉና ለእያንዳንዱ ዓምድ ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን ነጥብ አውጥተው ልዩነታቸውን ይያዙ። የቃለ መጠይቁ ልዩነት ከጽሑፉ ልዩነት ጋር እኩል ከሆነ ወይም ከበለጠ ጥርጣሬዎ መነሻ አለው። ቀጥሎ ተወዳዳሪዎቹን አንድ ጊዜ በድምሩ፣ አንድ ጊዜ በቃለ መጠይቁ ብቻ፣ አንድ ጊዜ በጽሑፉ ብቻ በደረጃ ያስቀምጧቸው። ያለፉት ሰዎች ዝርዝር ከቃለ መጠይቁ ደረጃ ጋር ገጥሞ ከጽሑፉ ደረጃ ጋር የማይገጥም ከሆነ፣ ሦስቱን ሰንጠረዦች ጎን ለጎን አትመው ከማመልከቻዎ ጋር አባሪ ያድርጓቸው። ቁጥሩን በኮድ ብቻ ከላኩልኝ የተስተካከለውን ስሌት እኔ እሠራልዎታለሁ።